የሦስት ቁጥር ቆጠራ

በሦስት ቁጥር ሊፍት በቀን ስንት ሰው ይወጣል? ሥራ አስኪያጁ ዴንተን ይህን የጠየቀኝ በኅዳር ነበር። ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ያለ ስላልመሰለኝ «ወረቀቱ ላይ አለ» አልኩትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እውነትም ወረቀቱ ላይ አለ። ሥልሳ አንድ ይላል።

ቤኔት ተራራ ላይ ሰው በገመድ በተንጠለጠለ ወንበር የሚወጣባቸው አራት ሊፍቶች አሉን። አንድ ቁጥርና ሁለት ቁጥር ከፊት ለፊት፣ ከመኪና ማቆሚያው ተነስተው ጎን ለጎን ወደ ጫፉ ይወጣሉ። አራት ቁጥር ልጆች የሚለማመዱበት አጭሩ ነው። ሦስት ቁጥር ግን ከተራራው ጀርባ፣ ከኋላ ሰፈር ይነሳል። እኔ ያደግኩት ኋላ ሰፈር ነው፤ አርባ ምናምን ቤት፣ አንድ ፖስታ ቤት፣ አንድ መጠጥ ቤት። ከዚያ በመኪና ወደ ፊት ለፊቱ ለመሻገር ተራራውን ዞሮ ሃያ ስድስት ማይል መንዳት ነው፤ በረዶው ከገደሉ ሲናድ ደግሞ መንገዱ ለቀናት ይዘጋል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ጠዋት የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በእግሩ ወደ ሦስት ቁጥር ይሄዳል። ጫፍ ላይ ይወርድና በፊት ለፊቱ ተንሸራቶ ሥራው ይገባል፣ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል፣ ዳቦ ይገዛል። ከሰዓት በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ወጥቶ ወደ ቤቱ ይንሸራተታል። ከአጎራባች ሰፈሮችም መኪናቸውን እዚያ እያቆሙ የሚሻገሩ አሉ።

አንድ ቁጥርና ሦስት ቁጥር እኩያ ናቸው፤ ሁለቱም በዕድሜ እኔን ይበልጡኛል። የሊፍት ደኅንነት መርማሪው በረዶ በሌለበት በበጋ መጥቶ አያቸውና ከዚህ የበረዶ ወቅት በኋላ እንዲህ እንዳሉ አይዞሩም ብሎ ጻፈ። ተራራውን የሚያስተዳድረው ቦርድ አቅሙ አንዱን በአዲስ ለመተካት ብቻ ነው የሚፈቅድለት። ሌላው ይነቀላል። የትኛው ይታደስ፣ የትኛው ይነቀል የሚለውን ምክር እንድጽፍ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ።

ስዊዘርላንድ ስምንት ዓመት ተምሬ፣ እዚያው ትልልቅ ተራሮች ላይ ገመድ ስለካ ቆይቼ ነው የተመለስኩት። ለአንድ ክረምት ብቻ ብዬ ነበር። ይህ ሦስተኛው ነው። የምተኛው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ በተኛሁበት አልጋ ላይ ነው። ጠዋት ስነሳ ከሰው አገር የመጣሁ ይመስለኛል፤ ማታ ደግሞ ከዚህ ቤት ወጥቼ የማላውቅ። የድሮው መሥሪያ ቤቴ በየሁለት ወሩ «ቦታሽ ክፍት ነው» እያለ ይጽፍልኛል። በየሁለት ወሩ «በሚያዝያ» እላለሁ።

አባቴ ኦርቪል የሦስት ቁጥር ታችኛው ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ወንበር ላይ አስቀምጧል። ሌላ ሥራ አያውቅም፤ እናቴ ከሞተች በኋላ ሌላ ቦታም አያውቅም ማለት ይቻላል። ምክሩን ስጽፍ አላማከርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። አንድ ቁጥር በቀን ሰባት መቶ ሰው ያወጣል፤ ሦስት ቁጥር ሥልሳ አንድ። በዚህ ላይ ምን ምክክር ያስፈልጋል? «አንድ ቁጥር ይታደስ፣ ሦስት ቁጥር ይነቀል» ብዬ ጽፌ ለዴንተን ላክሁለት። ያን ቀን ራቴን በላሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ። ቁጥር ለማንም አያዳላም ብዬ አምን ነበር።

የቦርዱ ስብሰባ ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የሦስት ቁጥርን ገመድ ውፍረት ለመጨረሻ ጊዜ ለመለካት ወደ ታችኛው ጣቢያ ወረድኩ። አባቴ መጥረጊያውን ይዞ ቦታው ላይ ቆሟል። ሰው ወንበሩ ፊት ሲደርስ በመጥረጊያው ከመቀመጫው ላይ በረዶውን ጠረግ ያደርጋል፣ በሌላ እጁ ወንበሩን ያዝ አድርጎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ስም ይጠራል፣ ይለቃል። ወንበሩ ይሄዳል። ሌላው ይመጣል። ስም ይጠራል፣ ይለቃል። መለኪያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የመቁጠሪያዋ መሣሪያ፣ በአውራ ጣት ጠቅ የምትደረገዋ፣ ከጎጆው በር ላይ በክር ተንጠልጥላ ነፋስ ያወዛውዛታል።

ወይዘሮ ዊልማ መጡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ።

«ዛሬ ቀስ በልልኝ ኦርቪል፤ ትናንት እንደ ድንች ጆንያ ነው የወረወርከኝ።»

«ክብደትዎ እንደዚያው ስለሆነ ነው።»

«ባለጌ!» እያሉ እየሳቁ ወጡ።

ከእሳቸው ኋላ ቀይ ጃኬት የለበሰ፣ የማናውቀው ሰው መጣ። አባቴ አስቀመጠው፤ ከዚያ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዶ ጠቅ አደረገ።

ሰዓቴን ይዤ አንድ ሰዓት ቆጠርኩ። አርባ ሰባት ሰው ወጣ። መሣሪያዋ የተጫነችው ስድስት ጊዜ ነው።

«አባዬ፣ ወይዘሮ ዊልማን አልቆጠርካቸውም።»

«ዊልማን?» አለ፣ የማይገባ ነገር የጠየቅኩት ይመስል። «ምን ብዬ ነው የምቆጥራቸው? ከብት ናቸው?»

«ሌሎቹንም አልቆጠርክም። የሰፈሩን ሰው በሙሉ።»

«በአንድ እጄ መጥረጊያ፣ በአንድ እጄ ወንበር። በሦስተኛው ልቁጠር?» ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክላይድ ሥራውን ሲያስረክበኝ እንዲህ ነው ያሳየኝ። የምታውቀውን ሰው በስሙ ትጠራዋለህ፣ ወንበሩን ትይዝለታለህ። የማታውቀውን ትቆጥረዋለህ፤ ቢጠፋ የሚፈልገው ሰው እንዲኖር። ጎረቤትሽን ፊቱ ላይ ጠቅ ስታደርጊበት ምን ይሰማዋል?»

«ከዚህ በፊት የነበሩትም እንዲህ ነው የሚቆጥሩት?»

«ሦስት ቁጥር ላይ የሠራ ሁሉ።»

ገመዱን ሳልለካ ጎጆው ውስጥ ገባሁ። የዕለት ወረቀቶቹ በመዝገቡ ውስጥ ታስረዋል፤ ሃምሳ ስምንት፣ ሥልሳ አራት፣ አርባ ዘጠኝ። በእያንዳንዱ ግርጌ «ከላይ ያለው ቁጥር ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል የታተመ መስመር አለ፤ ከሥሩ የአባቴ ፊርማ፣ ያ ረጅሙ ጭራ ያለው። መድን ሰጪው በየዓመቱ የሚያየው ይህንን ነው። መርማሪው የሚያየው ይህንን ነው። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነበር።

ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝን ዛሬም አላውቅም። ያደረግኩትን ግን አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሄጄ «አባዬ፣ ከነገ ጀምሮ ሁሉንም ቁጠር፤ ሕፃን ሳይቀር» አልኩት። ለምን እንደሆነ ነገርኩት፤ ሥልሳ አንድ የሚለው ቁጥር ሊፍቱን እንደሚያስነቅለው። ቀና ብሎ ገመዱን አየ።

«አንቺ ነሽ ይነቀል ብለሽ የጻፍሽው?»

«ወረቀቱን አይቼ ነው።»

«ወረቀቱን አይተሽ» አለና ጓንቱን አጥልቆ ወጣ።

ረቡዕ ሁሉንም ቆጠረ። ማን ደስ አለው? ወይዘሮ ዊልማ ከወንበሩ ላይ ዞረው «እኔንም ቱሪስት አደረግከኝ?» ብለው ጮኹ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ለአንድ ሰው ሁለቴ እንዲጫንለት ለመነው፤ «ትናንት አልመጣሁም፣ የትናንቱን ደርበው።» አባቴ አልሳቀም። ጠቅ። ጠቅ። ስም መጥራቱን ትቶት ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አልቻለም። ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ ሲል ወረቀቱ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ዴንተን የመጣው ያኔ ነው። ዴንተን ትምህርት ቤት በሦስት ክፍል ይበልጠኝ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀቱን አየ፣ አባቴን አየ፣ እኔን አየ። «ነይ፣ ከእኔ ጋር በሊፍቱ ወደ ላይ ውጪ» አለኝ።

ሦስት ቁጥር ወንበሩ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ከሰባተኛው ምሰሶ አልፈን፣ ሸለቆው ላይ እንደተንጠለጠልን ሞተሩ ቀጥ አለ። ወንበሩ ወደ ፊት ወደ ኋላ ተወዛወዘና ረጋ። ከእግራችን ሥር አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ነው። ከጎን የሚመጣው ነፋስ በአንገቴ ገባ።

«ስዊዘርላንድም እንዲህ ይቆማል?» አለ ዴንተን።

«አይቆምም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ ተመለስሽ?»

የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ሳብኩ። አባቴ ከታች የመጠባበቂያውን የናፍጣ ሞተር ለማስነሳት እየታገለ እንደሆነ እናውቃለን፤ በዚህ ብርድ ግማሽ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት» አለ። «ትናንት ሃምሳ አምስት፣ ዛሬ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ነገ ስብሰባ ነው። ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ?»

«እውነተኛው ቁጥር እሱ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ምን ይመስላል ነው ያልኩሽ።»

«ማጭበርበር ይመስላል» አልኩ።

የሰፈሩን ልማድ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ጠረገ።

«አየሽ፣ ይሄኛው ይብሳል» አለ። «የዛሬው እውነት ነው ካልሽ የሃያ ሰባቱ ዓመት ምንድን ነው? ከግርጌው ያለው ፊርማ የማን ነው? መድን ሰጪው ‹እንዴት ደስ የሚል የሰፈር ልማድ› የሚል ይመስልሻል? ኦርቪልን ሊፍት አጠገብ አያስደርሱትም።»

«ዝም ካልኩስ?»

«ዝም ካልሽ የዛሬውን ወረቀት ስህተት ነው እንላለን፣ ይቀደዳል። አንድ ቁጥር ይታደሳል። አባትሽ በሚያዝያ በክብር ይሰናበታል፤ ኬክ ይቆረሳል፣ ከሦስት ቁጥር አንድ ወንበር ይሸለማል፣ በረንዳው ላይ ሰቅሎ እየተወዛወዘ ቢራውን ይጠጣል።»

«ኋላ ሰፈርስ?»

«እኔ የፊት ለፊቱ ካልታደሰ ተራራው ራሱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ አላውቅም» አለ። «እንግዶቹ የሚመጡት ለአንድ ቁጥር ነው። እኔስ ደስ ብሎኝ ነው?»

«አጠገቡ ሁለት ቁጥር አለ። ሰልፉ ይረዝማል እንጂ መውጫ አያጡም። ኋላ ሰፈር ሌላ የለውም።»

«ነገ ይህንኑ ንገሪያቸው እንግዲያው።» ወደ ታች፣ ወደ ባዶው አየ። «ከተናገርሽ ሊፍቱ ይተርፋል። ኦርቪል አይተርፍም። ከሁለቱ የምትፈልጊውን ምረጪ፤ ሦስተኛ አማራጭ ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ።»

አርባ ደቂቃ ተንጠልጥለን ቆየን።  መዝለል አይቻልም፣ መውረድ አይቻልም፤ እግሬን እያወዛወዝኩ ጣቶቼ መኖራቸውን አረጋግጥ ነበር። የናፍጣው ሞተር ሲነሳ ወንበሩ ደንገጥ ብሎ ወደ ላይ ወሰደን፤ ወደዚያ መሄድ መፈለግ አለመፈለጌን ሳልወስን።

ራት ላይ አባቴ የአጋዘን ሥጋና ባቄላ አሞቀ። ዴንተን ያለኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሃያ ሰባት ዓመት የዋሸሁ ነው የሚሆነው?»

«አልዋሸህም።»

«ፈርሜያለሁ እኮ። አንብቤው አላውቅም፣ ግን ፈርሜያለሁ።» መስኮቱን አየ። «ሲግኒ፣ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። በራሴ አፍ። አንቺ ስለ ገመዱም ስለ ምሰሶውም የምትዪውን በዪ። ይሄኛውን ለእኔ ተዪው።»

«እሺ አባዬ።»

«እንዴት እንደምለው ገና አላወቅኩም። ግን ጠብቂኝ።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

ስብሰባው የተደረገው በተራራው ምሳ ቤት ውስጥ ነው፤ ክፍሉ በእርጥብ ጓንትና በጫማ ሽታ ተሞልቷል። አምስቱ የቦርድ አባላት በአንድ ጠረጴዛ፣ የኋላ ሰፈር ሰው ደግሞ ከግድግዳው ሥር። አባቴ ከኋላ ረድፍ ተቀምጧል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ሰብሳቢዋ ሮንዳ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ስትናገር ሰው አፉን ይከፍታል እያሉ ይቀልዱባታል። የእኔን ምክር ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ የረቡዑን ወረቀት አነሳች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? አራት መቶ አሥራ ሁለት?»

ዴንተን ጠረጴዛውን እያየ «ስህተት ሳይሆን አይቀርም» አለ።

«ስህተት?» አለ ከቦርዱ አንዱ። «ስብሰባው ሲደርስ ብቻ የሚመጣ ስህተት! ሰውየው ሊፍቱን ማዳን ፈልጎ ነው ቁጥር የፈበረከው።»

ከግድግዳው ሥር ጉምጉምታ ተነሳ። ዞሬ አየሁ። አባቴ እየተነሳ ነበር። ጉልበቱ ስለማይታዘዝለት ከፊቱ ያለውን ወንበር ጀርባ ይዞ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ግማሽ ሲደርስ ትንፋሹን ሰበሰበ። አፉ ተከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ሰውየው «ይኸው፣ መልስ የለውም» አለ።

ስንት ሰከንድ ነበር? አራት? አምስት? አሁን ሳስበው ከዚያ አይበልጥም። እኔ ግን መቆም አቃተኝ። «አልፈበረከም!» አልኩ፤ ከዚያም ሁሉንም ተናገርኩት። ልማዱን፣ ክላይድን፣ መሣሪያዋ በክር እንደምትንጠለጠል፣ በአንድ ሰዓት አርባ ሰባትና ስድስት። ያለፉት ወረቀቶች በሙሉ ልክ አይደሉም አልኩ። ስዊዘርላንድ እንደተማርኩት በቅደም ተከተል፣ በጥሩ ድምፅ ተናገርኩ። ስጨርስ ወደ ኋላ ረድፍ ዞርኩ። አባቴ ቁጭ ብሏል።

ሮንዳ «ኦርቪል፣ እውነት ነው?» አለችው።

«እሷ ተናግራለች» አለ። ቆቡን አደረገና ወጣ።

ቦርዱ ውሳኔውን አዘገየው። መድን ሰጪው ሰኞ ዕለት ደብዳቤ ላከ፤ ሦስት ቁጥር ተፈትሾ እስኪያልቅ ይቁም፣ ኦርቪል ደግሞ ከእንግዲህ በማንኛውም ሊፍት ላይ አይመደብ። ፍተሻው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በመካከሉ በረዶ ተንዶ መንገዱ ተዘጋ፤ ኋላ ሰፈር አምስት ቀን ከየትም ጋር ሳይገናኝ ቆየ። ወይዘሮ ዊልማን ፖስታ ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ልክ ነሽ ይላሉ» አሉኝ። «ለሐኪሜም ልክ መሆንሽን ልነግረው ነበር፤ መሄጃ አጣሁ እንጂ።»

አባቴ ዱሉዝ ከተማ እኅቱ ጋ ለመሄድ መኪናውን የጫነው መንገዱ በተከፈተ ማግሥት ነው። ብዙ ዕቃ አልያዘም። በሩን ከፍቼ ቆሜ ያለኝን ሁሉ ደረደርኩ፤ ሊሰድቡህ ነበር፣ ሌባ ሊያደርጉህ ነበር፣ ዝም ብል ኖሮ...

«ዝም በዪ አላልኩሽም» አለኝ። «ጠብቂኝ ነው ያልኩሽ።»

ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ሦስት ቁጥር ሲከፈት እዚያ የሚቆም ሰው ስላልነበረ እኔ ቆምኩ። ሁለት ሳምንት መጥረጊያ በአንድ እጅ፣ መሣሪያዋን በአንድ እጅ ይዤ ሰው ቆጠርኩ። ወንበሩን መያዝ ስለማልችል ሁለት ሰው ወደቀብኝ። በአማካይ በቀን ሦስት መቶ ዘጠና አራት ሰው ነው የሚወጣው። ዴንተን የጠየቀኝ መልስ ይኸው ነው፤ ስሰጠው «አመሰግናለሁ» አለኝ፣ ሌላ ነገር የሚጨምር መስሎኝ ትንሽ ቆምኩ።

በሚያዝያ ቦርዱ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሦስት ቁጥር እንዲታደስ ወሰነ። ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሥራው እስኪያልቅ የምመራውም፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የምፈርመውም እኔ እንድሆን። ሁለት በጋ ይፈጃል። ሮንዳ ውሉን ስትገፋልኝ «አንቺ የጀመርሽው ነው» አለች፣ በክፋት አይደለም። ለስዊዘርላንዱ መሥሪያ ቤት እንደማልመጣ ጻፍኩ። እነሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሱልኝ፤ መልካም ዕድል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የስልክ ምልክት የሚያዝበት ቦታ ላይ፣ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ለአባቴ ጻፍኩለት። ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። የላክሁት ይህ ነው፦

«አባዬ፣ ሦስት ቁጥር ይታደሳል። እኔ እዚሁ ነኝ። ያን ቀን በራስህ አፍ ልትል የነበረውን አልሰማሁትም። ልሰማው እፈልጋለሁ። ስንት ጊዜም ቢወስድብህ አላቋርጥህም።»

ከሥሩ «ደርሷል» ይላል። አሁን ነሐሴ ነው፤ አሮጌዎቹን ምሰሶዎች ነቅለን ጨርሰናል። ከዱሉዝ ምንም አልመጣም።